የጉግስ ማኅበሩ ጋዜጣና የቡላ እግር

አንድ ጊዜ ፈረሶች የጉግስ ማኅበር አቋቁመው ነበር። ሊቀ መንበራቸው አንበሳ ነው። ማኅበሩ ወር በገባ ቁጥር ጋዜጣ ጽፎ በመጫወቻው ሜዳ በር ላይ ይለጥፋል። አዘጋጁ ደግሞ ቀበሮ ነው፤ የእጅ ጽሑፉ ያምራል፣ አፉም ማር ነው።

ከጋዜጣው ግርጌ «ለጤናችሁ» የምትባል ዓምድ አለች። የሚጽፋት ጋሽ መጋላ ነው፤ በጉግስ ያረጀ፣ የስንቱን ፈረስ እግር አክሞ ያስነሳ ሽማግሌ ፈረስ። ስሙን ጽፎባት አያውቅም፤ ማን እንደሚጽፋት አገር ያውቃል።

ዳሚቱ የምትባል ወጣት ባዝራ ሌላውን ሁሉ እያለፈች ይህችን ዓምድ ብቻ ታነብ ነበር። ልጇን ቡላን ያሳደገችው በእሷ ነው ማለት ይቻላል። ሆዱን ሲቆርጠው፣ ኮቴው ሲሰነጠቅ፣ ሄዳ የምታየው እዚያ ነው። አሳስታት አታውቅም።

የበዓሉ ጉግስ ሲቃረብ ቀበሮ ጋሽ መጋላን አጣደፈው።

«ጋሼ፣ ስላበጠ እግር ይጻፉልኝ ብዬ ነበር እኮ። ምነው ቆዩ?»

«የታመሙ አሉ፤ እነሱን ልይና። እብጠት ሁሉ አንድ አይደለም።»

«ኧረ ጋሼ! አንባቢ የሚወደው አጭርና ጣፋጭ ነው!»

«እግር የሚጣፍጠው ለጅብ ነው፣ ልጄ» አለና ጋሽ መጋላ ወደ ሕመምተኞቹ ሄደ።

ጅብ ከአጥሩ ኋላ ሆኖ ይህን ሰማ። ምራቁን እየዋጠ ብቅ አለ።

«እኔ ልጻፍልህ! የፈረስ እግር ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።»

«አያ ጅቦ፣ አንተ የምታውቀው አጥንቱን ነው» አለ ቀበሮ እየሳቀ።

«ታዲያ አጥንቱ የማን ነው? የእግር አይደለም?»

ቀበሮ ባዶዋን ዓምድ አየ። ባዶ ከምትወጣ ብሎ ብዕሩን አነሳ። ጅብም አስጻፈው፦ «ላበጠ እግር ፍቱን መድኃኒቱ ሩጫ ነው። ሕመምተኛው አመሻሽ ላይ፣ ብቻውን፣ ከገደሉ ሥር ይሩጥ። ወፍራም ቢሆን ይመረጣል።»

«የመጨረሻዋ ለጆሮ አትጥምም» ብሎ ቀበሮ ሰረዛት። የቀረውን አሳምሮ፣ አሽሞንሙኖ ጽፎ ለጠፈው።

የቡላ የፊት እግር ያበጠው በዚያው ሰሞን ነበር። በሕይወቱ የመጀመሪያውን ጉግስ ሊጫወት ቀን ሲቆጥር የነበረ ልጅ! ዳሚቱ ወደ ሜዳው በር ሮጣ አነበበች፤ ሲመሽም አስነሳችው።

«እማዬ፣ ያመኛል። ልረፍ።»

«አይዞህ የኔ ጌታ። ጋሽ መጋላ ሩጥ ካለ መሮጥ ነው።»

«ብቻዬን?»

«ብቻውን ይላል» አለች። እያነከሰ ከዓይኗ እስኪጠፋ ቆማ አየችው።

ስትመለስ ጋሽ መጋላን ወንዙ ዳር አገኘችው። አንድ ሕመምተኛ እግሩን ውኃ ውስጥ ነክሮ ከጎኑ ቆሟል።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፤ እንዳዘዙት ቡላን ወደ ገደሉ ሥር ሰደድኩት።»

«ወዴት? ኧረ እኔ በዚህ ወር አንዲት ፊደል አልጻፍኩም!»

ዳሚቱ ቀሪውን አልሰማችም። ነፋስ ሆነች። ስትደርስ ቡላ ወድቆ ይንፈራገጣል፤ ጅብ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ከንፈሩን ይልሳል።

«ምነው ቸኮልሽ?» አላት ጅብ። «ሕክምናው ገና አልተጀመረም!»

ዞር አለችና የኋላ እግሯን ርግጫ መንጋጋው ላይ አቀመሰችው። ጅብ እየጮኸ ወደ ጫካ ፈረጠጠ።

በማግስቱ ጉባኤው አንበሳ ፊት ተሰበሰበ።

«ይህን ጉድ ማን ጻፈው?» አለ አንበሳ።

«ነገሩ የአያ ጅቦ ነው» አለ ቀበሮ ጅራቱን ሰብስቦ። «እኔ ያሳመርኩት ቋንቋውን ብቻ ነው። ቋንቋው ግን... አያምርም ነበር?»

ዳሚቱ በጉባኤ ተናግራ አታውቅም። ድምፅዋም ዝግ ያለ ነው።

«ያምር ነበር» አለች። «ስላማረ ነው ልጄ ያመኛል ሲለኝ ያልሰማሁት።»

አንበሳ ቀበሮን ከማኅበሩ ሊያባርረው ሲነሳ ጋሽ መጋላ ጣልቃ ገባ።

«ይቆይልኝ ጌታዬ። እኔ እጄ ሻካራ ነው፤ የእሱ ያምራል። አጠገቤ ይዋልና ሳክም ያየውን ይጻፍ። እኔ ሳላነበው ግን በሩ ላይ አይለጠፍ።»

አንበሳ ወደ ዳሚቱ ዞረ። «አንቺስ?»

«ቡላ ጋ ይጀምር» አለች።

የበዓሉ ቀን ሜዳው በአቧራና በእልልታ ሲናወጥ ቡላ እግሩን ቀዝቃዛው ወንዝ ውስጥ ነክሮ አኮረፈ። ቀበሮ አጠገቡ ጉልበቱን ጭቃ ውስጥ ተክሎ «ትናንት ያተኩስ ነበር፣ ዛሬስ?» እያለ እብጠቱን ይዳብሳል።

«ሁሉም ሲጫወት እኔ ብቻ!» አለ ቡላ።

ዳሚቱ አንገቱን ላሰችው። «አንተ ብቻ አይደለህም፤ እኔም አለሁ።»

ከዚህ የምንማረው አንባቢ አምኖ ልጁን የሚያስታምምበትን ነገር መጻፍ ያለበት ብዕሩ ያማረለት ሁሉ ሳይሆን ነገሩን በእጁ ዳስሶ የሚያውቀው ባለሙያ መሆኑን ነው።