መቶ ሰማንያ ምን?

አንዲት ሴት በቀበሌ ስብሰባ ላይ፣ ከሁሉም ኋላ፣ በሩ ጋ ተቀምጣለች። ማንም አልጠራትም፤ ጉዳዩ የውኃ ስለሆነ መጣች። ፊደል አልቆጠረችም። የምትናገረው ነገር አላት፣ ጉልበቷ ግን አልነሳ ብሏታል። እንዲህ ሆናችሁ አታውቁም? እውነቱን አፋችሁ ውስጥ ይዛችሁ፣ "እኔ ማን ነኝና" ብላችሁ የዋጣችሁበት ቀን የለም?

ሴትዮዋ እማማ ሎሚቴ ትባላለች። መንደሯ ብላቴ ወንዝ አጠገብ ነው። "አጠገብ" ስላችሁ ደርሶ መልስ አራት ሰዓት ማለቴ ነው። ስምንተኛ ወሯን የያዘችው ምራቷ በየማለዳው ጀሪካን አዝላ የምትወርደው ወደዚያ ነው። መንደሩ መሃል ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በኋላ ነጮች የቆፈሩት ጉድጓድ አለ፤ ፓምፑ ተሰብሮ ከተነቀለ ግን ዓመታት አልፈዋል። ዘንድሮ አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት አዲስ የእጅ ፓምፕ ላከ። ከፓምፑ ጋር ሃያ ቧንቧ መጣ፤ እያንዳንዱ ሦስት ሜትር። ስድሳ ሜትር ማለት ነው።

ታዲያ ችግሩ ምን መሰላችሁ? በጉድጓዱ አፍ ላይ፣ ያኔ ሲሚንቶው ሳይደርቅ በጣት የተጻፈ ቁጥር አለ። 180።

ስብሰባው የተጠራው ለዚህ ቁጥር ነው። ኢዮስያስ የሚባል ወጣት የውኃ ባለሙያ ብድግ አለ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ሲናገር ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነበር።

"አዝናለሁ። ጉድጓዱ መቶ ሰማንያ ሜትር ነው። የእጅ ፓምፕ ከዚያ ጥልቀት አያወጣም። ፓምፑን ለሌላ ቀበሌ እንወስዳለን። ጉድጓዱን ደግሞ ሰው እንዳይገባበት ዛሬውኑ እንደፍነዋለን።"

ሲሚንቶው መኪናው ላይ ተጭኖ መጥቷል። ገመድ ሰድዶ ልለካው ያለ ሰው ግን አልነበረም። ለምን ይለካል? ቁጥሩ ተጽፎ የለም እንዴ?

እማማ ሎሚቴ መኪናውን በመስኮቱ አየችው። ቀጥሎ ምራቷ ታየቻት፤ ዳገቱ መሃል ላይ ጀሪካኑን አውርዳ፣ ወገቧን ይዛ። ያኔ ጉልበቷ ተነሳ።

"ልጄ፣ መቶ ሰማንያ ምን?"

"ሜትር ነዋ፣ እማማ።"

"ሜትር ይላል?"

"አይልም። ግን ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?"

የውኃ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ኤርጫፎ ጣልቃ ገባ። "እማማ ሎሚቴ፣ ይሄ የኢንጂነር ነገር ነው። ይልቅ ሻይ ጥደው ከሆነ እሱን ያምጡልን።"

ቤቱ ሳቀ።

"ሻይማ ለቆፋሪዎቹ አፍልቻለሁ፣ ኤርጫፎ። አንተ ያኔ እናትህ ጀርባ ላይ ነበርክ።"

አሁን ቤቱ የሳቀው በኤርጫፎ ነው።

"ሻይ አፈላ ነበር፣ ልብሳቸውንም አጥብ ነበር" አለች ወደ ኢዮስያስ ዞራ። "ልብሱን የማሰጣው ጉድጓዱ ውስጥ ሊከቱት ባዘጋጁት ቧንቧ ላይ ነው። ፎርማኑ አንድ ቧንቧ በገባ ቁጥር ሃያ እየጨመረ ይጮኻል። ሃያ ፊት፣ አርባ ፊት፣ ስድሳ ፊት። ዘጠነኛው ሲገባ መቶ ሰማንያ ብሎ አቆመ። ያንን ነው በጣቱ የጻፈው። ፊት የሚሉት የነሱ መለኪያ ነው፤ የትልቅ ሰው ጫማ የሚያህል።"

ኢዮስያስ ስልኩን አወጣ፤ ፊትን ወደ ሜትር የሚለውጥለት ነገር ሊፈልግ። ኔትወርክ የለም። ስልኩን ከፍ አደረገ፣ ወደ በሩ ሄደ፣ ተመለሰ። አትሳቁበት። እስቲ አሁን ስልካችሁን ብነጥቃችሁ፣ ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት እንደሆነ የምትነግሩኝ ስንት ናችሁ? እጅ አታውጡ፤ እንዳንተፋፈር።

"እሱን ተወው ልጄ" አለችው። "ልብስ ሳሰጣ ለክቼዋለሁ፤ ያኔ የገባው አንዱ ቧንቧ በእኔ ክንድ አሥራ ሦስት ክንድ ከስንዝር ነው። ዘጠኝ ጊዜ አሥር ዘጠና። ዘጠኝ ጊዜ ሦስት ሃያ ሰባት። መቶ አሥራ ሰባት ሆነ። ዘጠኙ ስንዝር ደግሞ አራት ክንድ ተኩል ይሆናል። መቶ ሃያ አንድ ክንድ ተኩል። አሁን ክንዴን ለካ።"

እጇን ዘረጋች። ኢዮስያስ የመለኪያ ሜትሩን ከክርኗ እስከ ጣቷ ጫፍ ዘረጋው። አርባ አምስት ሳንቲሜትር።

"እንግዲህ ሁለት ክንዴ አንድ ሜትር አይሞላም" አለች። "ታዲያ መቶ ሃያው ስድሳ ሜትር ከየት ይሞላል?"

የኢዮስያስ ከንፈር መንቀሳቀስ ጀመረ። ልጁ ያለ ስልክ እያሰበ ነው፤ ምናልባት ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። "በየሁለት ክንዱ አሥር ሳንቲ ይጎድላል... ስድሳ ጊዜ አሥር... ስድስት ሜትር።" ቀና አለ። "ሃምሳ አምስት ገደማ ነው። እማማ፣ ቧንቧችን ይበቃል።"

"እኔን አትመን፤ ገመድ አምጣ።"

ድንጋይ አስረው ገመድ ሰደዱ። መንደሩ በሙሉ ጉድጓዱን ከቦ ቆመ። ሃምሳ አምስት ሜትር ላይ ገመዱ ላላ። ሲስቡት ከጫፉ ሃያ ሜትር ያህሉ እየተንጠባጠበ ወጣ። ውኃው እዚያው ነበር፣ ያን ሁሉ ዓመት። በአሥራ ሰባት ቧንቧ ደረሱበት፤ ሦስቱ ተረፈ። ፓምፑ በተተከለ ቀን ሻይ ያፈላው ኤርጫፎ ነው። ስኳር አብዝቶበታል፤ ማንም ግን አልተናገረውም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

ቁጥሩ ውሸት ነበር? አልነበረም። መቶ ሰማንያ ትክክል ነው። የተሳሳተው ማንም ሳይጠይቅ ከጎኑ የለጠፈው መለኪያ ነው። እናንተስ ቤት ይህ ቁጥር የለም? "ልጄ ከሄደ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ከእንግዲህ አይመለስም" አላችሁ። ሰባቱ እውነት ነው። "አይመለስም" የሚለውን ማን ጻፈው? "ሃያ ዓመት ጸለይኩ" አላችሁ። ሃያውን አልክድም። ግን ሃያ ምን? በማን ክንድ የተለካ? እግዚአብሔር ሰባትም ሃያም ያውቃል፤ የእናንተን ሜትር ተውሶ እንደሚለካ ግን ማን ነገራችሁ?

ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ትቆጡም እንደሆነ ተቆጡ። የተማረውን ፊት አስቀመጣችሁት፤ ደግ አደረጋችሁ። ጉድጓዱ ሲቆፈር የነበረችውን ግን ሻይ እንድታመጣ ላካችኋት። ይህች ሴት ብትሞት ኖሮ የሚቀበረው የእሷ አስከሬን ብቻ አልነበረም። ጉድጓዱም ነበር።

ዛሬ ልትደፍኑት ያሰባችሁት ነገር አለ። ትዳር ይሆናል፣ ወንድምነት ይሆናል፤ እኔ አላውቀውም፣ እናንተ ታውቁታላችሁ። ሲሚንቶውም መኪናው ላይ ነው። ከማቡካታችሁ በፊት ገመድ ስደዱ። ገመድ ከሌላችሁ ደግሞ ወደ ኋላ ዙሩ።

በሩ ጋ የተቀመጠው ማን ነው?