ጡቷን የከሰሰችው ላም

አንድ ጊዜ አንዲት ላም የገዛ ጡቷን ከሰሰች። ነገሩ ለሰሚው ያስቃል፤ ለእሷ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ማለዳ ስትነሳ ከአራቱ ጡቶቿ አንደኛው አብጦና ቀልቶ እንደ ፍም ግሎ አገኘችው። ጥጃዋ ሊጠባ ሲጠጋ ከሕመሟ ብዛት በእግሯ መታችው። ወዲያው ደግሞ መምታቷ አንጀቷን በላት። እጅ ስላላት ዘወትር የምታልባት ጎረቤቷ እመት ጦጣ መጥታ ብትሞክር፣ የወጣው ወተት ጓጉሎ ነበር።

ይህን ወሬ ቀበሮ ሰማ። ቀበሮ መቼም የሌላው ችግር ሲነገረው አስቀድሞ የሚያስበው ለራሱ የሚተርፈውን ነው። ወደ ላሚቱ ሄዶ ከንፈሩን መጠጠላት፤ ጡቷ ከድቷታልና አንበሳ ዘንድ እንድትከሰው፣ ይቆረጥልኝም እንድትል መከራት። ጠበቃዋም ራሱ ሊሆን ቃል ገባ። ላሚቱ በስቃይ ላይ ስለነበረች እሺ አለች። ጡቱ ቢቆረጥ ደሟ ፈስሶ እንደምትሞት፣ ጥጃዋም ያለ እናት እንደሚቀር አላሰበችውም። ቀበሮ ግን አስቦታል። ከእሷ እንደተለየ አያ ጅቦን ፈልጎ፣ የሚቆረጠውን ጡት እኩል እንደሚካፈሉ ነገረው። አያ ጅቦም ነገሩ ሳያልቅ ተስማማ።

ችሎቱ በሾላ ዛፍ ሥር ተሰየመ። ቀበሮ ቆሞ ተከራከረ፤ ይህ ጡት የእመቤቱን ሣር በልቶ፣ ውሃዋን ጠጥቶ፣ ዛሬ መልሶ አቃጠላት አለ። አያ ጅቦ ከኋላ ሆኖ «ልክ ነው፣ ይቆረጥ» እያለ ምራቁን ይውጣል። አንበሳ ሁለቱንም ሰምቶ ወደ ተከሳሹ ዞረ።

«አንተስ ምን መልስ አለህ?»

ጡቱም አለ፦ «ጌታዬ፣ ማበጤንም መጋሌንም አልክድም። ትናንት እመቤቴ ታልባ እንዳበቃች፣ አፌ ገና ሳይዘጋ፣ ጭቃና እበት ላይ ተኛች። በዓይን የማይታይ ተህዋስ በዚያው ገባብኝ። ወተት የሚሠሩልኝ ሴሎች በውስጤ እንደ ግድግዳ ተደርድረዋል። ጦር ይዘው የሚዘምቱ አይደሉም፤ ባዳ ሲነካቸው ግን ያውቁታል፤ ሲያውቁም ይጮሃሉ። ጩኸቱን የሰሙት ዘቦች፣ ነጭ የደም ሴሎቿ፣ ከደሟ እየወጡ ወደ እኔ ጎረፉ። ያተኮሰኝ ውጊያው ነው፤ ያሳበጠኝም የዘቦቹ ብዛት ነው። በወተቱ ውስጥ ከጓጎለውም አብዛኛው የወደቁት ዘቦች ሬሳ ነው። ዝም ብል ኖሮ ተህዋሱ ሳትሰማው ወደ ደሟ ይዘልቅ ነበር።»

አንበሳም ሌሎቹ ሦስቱ ጡቶች ለምን እንዳልጮሁ ጠየቀ። ጡቱም እነሱ ቤት ሌባ ስላልገባ ነው ብሎ መለሰ። ላሚቱም ጭቃው ላይ ተኝታ እንደሆነ ተጠየቀች። ቀኑ ሞቃት ነበር፣ ጭቃው ቀዝቀዝ ይል ነበር አለችና አንገቷን ደፋች።

አንበሳም «ቤትሽ ሌባ ገብቶ ጎረቤትሽ ኡኡ ቢል፣ የምትከሺው ሌባውን ነው ወይስ ጯሂውን?» አላት።

ላሚቱም «ሌባውን ነው» አለች። ይሄኔ አያ ጅቦ ትዕግሥቱ አለቀና ከኋላ ብቅ አለ።

«ጌታዬ፣ ታዲያ የእኔ ግማሽ መቼ ነው የሚቆረጠው? ቀበሮን አምኜ ቁርስ እንኳ አልበላሁም» አለ።

ሸንጎው ሁሉ ወደ ቀበሮ ዞረ፤ ቀበሮ ግን ጅራቱ ብቻ በሣሩ መሐል ይታይ ነበር። አያ ጅቦ ሸንጎው ለምን እንደሚስቅ ሳይገባው ድርሻውን ሊጠብቅ እዚያው ቁጭ አለ።

ፍርዱ አጭር ነበር። እመት ጦጣ እጇን በደንብ እየታጠበች የታመመውን ጡት ቶሎ ቶሎ እንድታልበው፣ ወተቱንም ራቅ አድርጋ እንድትደፋው ታዘዘች። ጥጃው ከሦስቱ ደህና ጡቶች ይጥባ ተባለ። ላሚቱ ከታለበች በኋላ ድርቆሽ እየበላች ቆማ ትቆይ፣ ስትተኛም ደረቅ ቦታ ትተኛ ተባለ። ዘቦቹ ብቻቸውን ካቃታቸው ግን መድኃኒት አዋቂ ሳይውል ሳያድር እንዲጠራ አንበሳ አጥብቆ አዘዘ።

ዘቦቹ አላቃታቸውም። እብጠቱ እያደር ጎደለ፣ ትኩሳቱም በረደ። አንድ ቀን እመት ጦጣ ስታልብ ወተቱ ያለ አንዳች ጓል ነጭ ሆኖ ወረደ። ላሚቱ ይህን ስታይ «እፎይ» አለች። ጥጃው ያን ጡት አሁንም ፈርቶ ከሩቅ ቆሞ ነበር። አንገቷን አዙራ ጆሮውን ላሰችለትና ቀስ ብላ ወደዚያው ጡት ገፋችው። ጥጃውም ፈራ ተባ እያለ ቀመሰው፤ ከዚያም ዓይኑን ጨፍኖ ጠባ። ላሚቱ እግሯን አላነሳችም።

ከዚህ የምንማረው፣ ያመመንን ሁሉ ጠላት ብለን ቆርጠን ከመጣላችን በፊት፣ ሊያጠፋን የመጣውን ሊያድነን ከሚጮኸው መለየት እንዳለብን ነው።