ባንቴ ዘግይቶ የደረሰበት ለቅሶ

ድሮ ነው፤ የአያቶቻችን አያቶች ገና በአንቀልባ ሳሉ ነው አሉ። ሰንበሌጥ ሜዳ የሚባል አገር ነበር። ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ያኛውም ሹክሹክታህን ተው። የፈረስ ወሬ በግማሽ ጆሮ አይሰማም።

ሰንበሌጥ ሜዳ ከዳር እስከ ዳር ሳር ነው። በዚያ አገር ሰው የሚታወቀው በፈረሱ ነበር። ፈረስ ያለው ሸንጎ ላይ ከፊት ይቀመጣል፤ ፈረስ የሌለው ከኋላ ቆሞ ይሰማል። ፈረስ ስላችሁ ወንዱን፣ ድንጉላውን ነው። ሴቷ፣ ባዝራዋ፣ ከፈረስ አትቆጠርም ነበር። ባዝራ እህል ትጭናለች፤ ሴቶች ገበያ ይወርዱባታል፤ ስታረጅ ሜዳ ላይ ትጣላለች። ወንድ ልጅ ባዝራ ላይ የተቀመጠ እንደሆነ ልጃገረዶቹ ዘፈን ያወጡለታል፤ ያ ዘፈን እስኪያገባ ድረስ አይለቀውም። የውርንጭላ ዘር ሲጠያየቁም «አባቱ ማን ነው?» ይባባላሉ እንጂ እናቱን የሚያነሳ አልነበረም። እናንተ ትስቃላችሁ፤ እነሱ ግን ወግ ነው ይሉት ነበር።

በዚህ አገር አያ ባንቴ የሚባል ሰው ነበር። የፊታውራሪ ጓንጉል ፈረስ ጠባቂ ነው። በጉብዝናው ዘመን ካልተገራ ፈረስ ወድቆ ዳሌው ተሰብሯል፤ ከዚያ ወዲያ እያነከሰ ይሄዳል፣ ፈረስ ላይም አይወጣም። ግን ፈረስ መግራት እንደሱ የሚያውቅ አልነበረም። አለንጋ አያነሳም። ከፈረሱ ጎን ጎን ይሄዳል፤ ያወራዋል፤ ፈረሱ ሲደክመው አብሮት ያርፋል። ወሬው ደግሞ ቁም ነገር የለውም አሉ። ስለ ዝናቡ ነው፤ ስለ ጎመኑ ነው፤ ስለ ሚስቱ ስለ አንጓች ንዝንዝ ነው። ፈረሶቹ ጆሯቸውን ቀስረው ይሰሙታል።

አያ ባንቴ በዚህ ዓለም አንድ ነገር ብቻ ይመኝ ነበር። በገዛ ደጁ ያደገ፣ የእሱ ነው የሚባል የፈረስ ዘር በዚያ ሜዳ ላይ ሲሮጥ ማየት ይመኝ ነበር። ምኞቱን ለሰው ተናግሮ አያውቅም። ለፈረሶቹ ግን ሳይነግራቸው አይቀርም።

አንድ ቀን የፊታውራሪ እህል ጫኝ ባዝራ ዳገት ላይ ወደቀች። እርጉዝ መሆኗን ልብ ያለ አልነበረም፤ ማን ባዝራ ልብ ይላል? እዚያው ዳገቱ ላይ ወለደችና ሞተች። የተወለደችው ሴት ናት፤ ቀይ ዳማ፣ እግሯ እንደ መቃ የቀጠነ። ጫኞቹ እህሉን ወደ ሌሎች ከብቶች አዛወሩ፤ እሷን ለጅብ ትተዋት ሊሄዱ ሆነ። አያ ባንቴ እያነከሰ ፊታውራሪ ዘንድ ደረሰ።

«ጌታዬ፣ ያቺን ውርንጭላ ይስጡኝ።»

«የትኛዋን? እናቷ የሞተችባትን?» አሉ ፊታውራሪ። «ምን ልታደርጋት?»

«ላሳድጋት።»

ፊታውራሪ ደግ ሰው ነበሩ፤ ግን ሳቃቸው መጣ። «ውሰዳት። ብታድግልህ የአንተ ናት፤ ልጇም የልጅ ልጇም ያንተ ነው። ዳኛ ይስማ!» አሉ። እዚያ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። አያ ባንቴ መሬት ስሞ ወጣ።

በሸማው ጠቅልሎ ተሸክሟት ቤቱ ገባ። የላም ወተት ሰጣት፤ ሆዷን አስቀመጣት። የፍየል ወተት ሰጣት፤ እሱም አልተስማማትም። አንጓች ከደጃፉ ቆማ «አንተ ሰውዬ፣ የራስህ እግር አልበቃ ብሎህ ነው የሰው ከብት በድን የምትሸከም?» አለችው። በረት ውስጥ አንዲት ዳልቻ አህያ ነበረችው፤ በዚያው ሰሞን ልጇን ጅብ በልቶባታል። አያ ባንቴ የተበላው የአህያዋ ልጅ ይተኛበት የነበረውን ጭድ ሰብስቦ ውርንጭላዋን አሸት አሸት አደረጋት። ከዚያ አህያዋ ስር አቆማት። አህያዋ አሸተተች፤ ረገጠች፤ ደግማ አሸተተች፤ ከዚያ ቆመችላት። አያ ባንቴ እዚያው ጭዱ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። አንጓችም ንዝንዟን ትታ ለአህያዋ ሳር አመጣችላት።

ስሟን ጥንቅሽ አላት። አገሩ ግን «የአህያ ልጅ» አላት። ውሃ ሲያወርዳት «ባንቴ፣ ጆሮዋ ረዘመ ወይ?» ይሉታል። «ገና ነው» ብሎ ያልፋል። ጧት ጧት ወንዙ ውስጥ ከፊቷ እየሄደ፣ ውሃው ጉልበቷ ድረስ እየመጣ፣ ሽቅብ ያራምዳታል። ስትደነግጥ ቆሞ ያወራታል። ኮርቻ የጫነባት አጥንቷ ከጠነከረ በኋላ ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ ጥንቅሽ አደገች። ስትሮጥ ያያት አላፊ አግዳሚ ቆሞ ይመለከታል፤ ኋላ ባዝራ መሆኗ ትዝ ሲለው አፍሮ መንገዱን ይቀጥላል።

የጊዮርጊስ ዕለት በሰንበሌጥ ሜዳ የፈረስ ሽቅድምድም ይደረጋል። አያ ባንቴ ጥንቅሽን አሰልፉልኝ አለ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው «አትሮጥ የሚል ሕግ የለም፤ ይህን የሚጠይቅ ሰው ይመጣል ብሎ ማን አሰበ?» አለ። ነገር ግን ማን ይጋልባት? ባንቴ አይችልም። ወንድ ሁሉ ዘፈኑን ፈራ።

ይስማው የሚባል ጎበዝ ፈረሰኛ ነበር። በአገሩ ከሱ በላይ ጋላቢ የለም፤ ከሱ በላይ ጉረኛም የለም። ያን ሰሞን ፈረሱ እግሩን ተሰብሮበታል። በዓሉን ቆሞ ከሚያይ ቢሞት ይሻለዋል። ጥንቅሽን ዞሮ አያት፤ ደግሞ ዞሮ አያት። «አያ ባንቴ፣ ከሩቅ ሲታይ ድንጉላ ነው የምትመስል፣ አይደለም?» አለ። አያ ባንቴም «ካንተ ኋላ ለሚቀር ሰው ምንነቷ በደንብ ይታየዋል» አለው። ይስማው ሳቀና ወጣባት።

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ልጃገረዶቹ ዘፈኑን እዚያው ገጠሙት። ፈረሶቹ ሲለቀቁ ጥንቅሽ ከኋላ ነበረች። ሌሎቹ አለንጋ ያነሳሉ፤ ይስማው አላነሳም፣ አያ ባንቴ ቀምቶታልና። እስከ መመለሻው ዋርካ ድረስ ከኋላ ነበረች። ከዋርካው ሲመለሱ መሃል ገባች። ረግረጉ ላይ ሲደርሱ ድንጉሎቹ ጭቃው ያዛቸው። እሷ የውሃ ልጅ ናት፤ እንደ ደረቅ መሬት ሄደችበት። ከዚያ በኋላማ ሽምጥ ሆነ። ቀድማ ስትደርስ የሳቀ ሰው አልነበረም። ዘፈኑም ግጥሙ ሳያልቅ ቀረ።

ፊታውራሪ ጓንጉል ከድንኳናቸው ወጥተው አንገቷን ዳበሱ። «ባንቴ፣ ዳማው ፈረሴ ለእሷ ይገባታል» አሉ። የእሳቸው ዳማ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ በአገሩ የታወቀ ድንጉላ ነው፤ ለማንም ባዝራ አይሰጥም ነበር። ያን ዓመት ጥንቅሽ ከእሱ አረገዘች። አያ ባንቴ ሆዷን እየደባበሰ ስለ ጎመን ማውራት ተወ፤ የሚያወራት ስለ ልጇ ሆነ።

እንግዲህ ከባዱ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ክረምቱ ሲቃረብ ፊታውራሪ ታመው ሞቱ። በዚያው ሰሞን ከቆላ በኩል የፈረስ በሽታ ገብቷል የሚል ወሬ መጣ። ፈረሱ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ በአፍንጫው አረፋ ይወጣል፤ ጧት የቆመው ማታ ይወድቃል። ታዲያ በሰንበሌጥ ሜዳ ትልቅ ሰው ሲሞት ፈረስ ሁሉ ተሸልሞ ለቅሶ ይወጣል። በጌጠኛ ጨርቅ፣ በግላስ ተሸፍኖ፣ ጋማው ተጎንጉኖ፣ ሜዳውን እየዞረ ይለቀስበታል። ፈረስ ያልወጣበት ለቅሶ የውሻ ቀብር ነው ይባላል። ለቆላው ዘመድም ተላከ፤ እነሱም በፈረስ መጡ።

ይስማው ጥሪ ይዞ አያ ባንቴ ደጅ ደረሰ። «ጥንቅሽን ሸልማት። ከፊት የምትሄደው እሷ ናት።»

«ልጄ ይስማው፣ ፈረሶቹን አትሰብስቡ» አለ አያ ባንቴ። «ከቆላ ከመጡት አንዱን ወንዙ ዳር አየሁት፤ አፍንጫው አረፋ ያወጣል። እኛው በእግራችን እንዙር፤ እኛው እናልቅስላቸው።»

«ፊታውራሪ ጓንጉል ያለ ፈረስ?» አለ ይስማው። «እሳቸው ባይኖሩ ምን ነበረህ? ባዝራዋን ከሰጡህ ጌታ አስበለጥካት?»

እውነት ነዋ! አያ ባንቴ ያለው ሁሉ ከእሳቸው ነው። ቢሄድ ጥንቅሽ ትሞታለች፤ ሆዷ ውስጥ ያለውም ይሞታል። ቢቀር ውለታ ያፈረሰ ይባላል፤ ለቅሶ የቀረ ሰው ደግሞ እሳት የሚጭርበት ጎረቤት የለውም። ይስማው ከሄደ በኋላ ጋጣው ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። አንጓች ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለቅሶ ልትሄድ ወጣች። አየችውና ቆመች።

«እኔ ለሁለታችን አለቅሳለሁ» አለችው። «አንተ ይዘሃት ውጣ።»

አያ ባንቴ ጥንቅሽን ይዞ አስታ የሚሉት የደጋ ቁጥቋጦ ወደሚበቅልበት ተራራ ወጣ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ዝንብ እንኳ አይደርስበትም። ከላይ ሆኖ የለቅሶውን ሜዳ አየው። ነጋሪቱን ሰማ። የጌታውን ዳማ ባዶ ኮርቻ ጭነው ሲያዞሩት አየ። ብቻውን ደረቱን መታ፤ ብቻውን አለቀሰ። እታች ደግሞ ሴቶቹ ከአንጓች ፊታቸውን ሲያዞሩባት ዋሉ። ይስማውም «ከእንግዲህ ባንቴን ቤቱ ያስገባ ከእኛ አይደለም» አለ፤ አገሩም እሺ አለ።

በሽታው ለቅሶው ሳይበተን ጀመረ። መጀመሪያ የቆላዎቹ ፈረሶች ወደቁ፤ ቀጥሎ የይስማው አዲሱ ፈረስ ወደቀ፤ የፊታውራሪም ዳማ ወደቀ። ሜዳውን ሲዞሩ ከዋሉት የተረፈ የለም። የጭነት ባዝሮቹም በየበረቱ አለቁ። አያ ባንቴ ከተራራው ላይ ሆኖ አሞራው በሜዳው ላይ ሲያንዣብብ አየ፤ ምን እንደሆነም አወቀ። ደስ አላለውም። ክረምቱን በዋሻ ከረመ፤ አንጓች ገብስ እየቆላች ታመላልስለት ነበር። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጥንቅሽ ወለደች። ሴት ናት፤ ግንባሯ ላይ እንደ አባቷ ነጭ አለባት።

መስከረም ሲጠባ አያ ባንቴ ወረደ። እናትና ልጅን ይዞ ወደ ቤቱ አልሄደም። በቀጥታ ወደ ፊታውራሪ ደጅ ሄደ። ሰው ከየቤቱ ወጣ። ግማሹ ይሰድበናል ብሎ ጠበቀ፤ ግማሹ ይስቅብናል ብሎ ጠበቀ። እሱ ደጁ ላይ ሲደርስ ሸማውን ከትከሻው አወረደ፤ «ጌታዬ! ጌታዬ!» ብሎ እንደ ዛሬ ሬሳ ለቅሶውን ጀመረ። የፊታውራሪ ባለቤት ወይዘሮ የሻረግ ወጡ። ጥቁር እንደለበሱ ነበሩ።

«ዛሬ ምን ቀረህ ብለህ መጣህ?» አሉት።

«ለቅሶ ልደርስ ነው፣ እመቤቴ። ዘግይቻለሁ።» የውርንጭላዋን ገመድ እጃቸው ላይ አኖረ። «የእሳቸው ዳማ ልጅ ናት። የቀረችው እሷ ብቻ ናት፤ ከዚህ ደጅ አትታጣ።»

ወይዘሮ የሻረግ ግንባሯን አዩ። ጎንበስ ብለው ነጩን ሳሙ፤ ከዚያ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ሰውም አብሮ አለቀሰ። ባልቴቶች ከቀብሩ ቀን ለቅሶ ይኸኛው በለጠ ብለዋል።

ይስማው በሰዉ መሃል ጠፍቶ ነበር። ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ መጣ፤ ይቅርታ ሲጠይቁ እንደሚደረገው። አያ ባንቴ እግር ላይ ወደቀ። አያ ባንቴም «ድንጋዩን አስቀምጥና ለባዝራዋ ውሃ ቅዳላት፤ ታጠባለች እኮ» አለው። ይስማው እያለቀሰ ሄዶ ቀዳ።

ጥንቅሽንም ልጇ ጡት እስክትጥል ድረስ እዚያው እንድትከርም ተዋት። ያን ቀን አያ ባንቴ ብቻውን፣ ባዶ እጁን፣ እያነከሰ ወደ ቤቱ ገባ። አንጓች ውሃ አሙቃ እግሩን አጠበችው።

ጥንቅሽ ከዚያ በኋላ ብዙ ወለደች፤ ድንጉላ ከሩቅ አገር እየመጣላት። አያ ባንቴ ሴት በተወለደች ቁጥር በዚያ ዓመት ሐዘን ወደ ደረሰበት ቤት ይዞ ይሄዳል፤ ኮርቻ የለም፣ ሽልማት የለም፤ ገመዷን ለሐዘንተኛው ሰጥቶ ይመለሳል። «ለራስህስ?» ሲሉት ሜዳውን ያሳያቸዋል። በስተርጅናው ደጁ ላይ ተቀምጦ ሜዳው ሙሉ ቀይ ዳማ ሲሮጥ ያይ ነበር፤ ሁሉም የእሷ ነው፤ ሁሉም የሌላ ሰው ነው። እሱን የመሰለ የረካ ሰው አልታየም አሉ።

እሱ ሲሞት ፈረስ የወጣ የለም። ሁሉም በእግሩ መጣ፤ ከፊት ይስማው ነበር፣ ሽበቱ ወጥቶ። ፈረሶቹ ሜዳቸው ላይ ሲግጡ ዋሉ።

ዛሬም በሰንበሌጥ ሜዳ ባዝራ መጀመሪያ የወለደቻት ሴት ውርንጭላ የሐዘንተኛ ቤት ናት። ዘርም ሲቆጠር በእናት ነው የሚቆጠር። ደግሞ አንድ ነገር አለ። ሰው ታሞ ወይም ርቆ ለቅሶ ሳይደርስ ይቀራል፤ ቀን ያልፋል፤ ያፍራል። እንዲህ ያለው ሰው አንድ ቀን ጨክኖ ይመጣና ከደጅ ቆሞ «እንደ ባንቴ መጣሁ» ይላል። ባለሐዘኑም ቢቀየም፣ ቢቆጣ፣ ሌላ ቃል አይመልስም፤ ይነሳና በሩን ይከፍታል።

«ባንቴ አልዘገየም፤ ግባ።»