የእሺ አዋጅ

ድሮ ድሮ፣ ድንጋይ ገና ሳይጠነክር፣ ስሙን ነጋሪ በጠፋበት አገር አንድ አንበሳ ነግሦ ይኖር ነበር። ሲያገሳ ተራራ ቁጭ ይላል፤ ጎፈሩን ለማበጠር ሰባት ጦጣ ሰባት ቀን ይፈጅባቸዋል። ውሸት ነው የሚል ካለ ሄዶ ጦጣን ይጠይቅ።

ይህ አንበሳ አንድ ደቦል ብቻ ነበረው። በበጋ የሚኖሩበት ኮረብታ ድንጋይ የደቦሉን መዳፍ ቢያቃጥልበት፣ «አገሬ በሙሉ ወርዶ ከታች ባለው ለስላሳ አሸዋ ላይ ይስፈር» ብሎ አዘዘ።

አህያ ብቻ ብድግ አለች። «ጌታዬ፣ ይህ አሸዋ የወንዝ መኝታ ነው። ወንዙ ለበጋ ወጣ አለ እንጂ ቤቱን አልሸጠም።»

እንስሳቱ ሳቁ። አንበሳው ግን ሆዱ ሻከረ። አማካሪው ቀበሮ ይህን አይቶ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ።

«ጌታዬ፣ ዛሬ ወንዝ ያለች ነገ ዙፋን ማለቷ አይቀርም። ይህ አገር ቃል በዝቶበታል። አንድ ይበቃዋል።»

«የትኛው?»

«እሺ። ከሺ ይበልጣል ይባል የለ?»

ነጋሪት ተጎሰመ፤ ከእሺ ሌላ ቃል የተነፈሰ ከአገር ይውጣ ተባለ። አህያ «ኧረ ጌታዬ» ብትል ተባረረች። የቀረው እሺ እያለ ወረደ። ጅብ አጥንቱን ሲነጥቁት እሺ፣ ዝንጀሮ ጅራቷን ሲረግጧት እሺ፣ ቁራ እንኳ ድምፁን ለውጦ እሺ፣ እሺ ይል ጀመር። አንበሳው «እንዲህ ያለ ሰላም አይቼ አላውቅም» ብሎ ተንጠራርቶ ተኛ።

አንድ ቀን ማለዳ ከእግሩ ሥር አሸዋው ረጠበ። ከሩቁ ተራራ በላይ ሰማዩ ጠቁሯል። የአህያ ነገር ትዝ አለው።

«እመት ዝንጀሮ፣ ውሃው ይመጣል?»

«እሺ።»

«ወይስ አይመጣም?»

«እሺ።»

ወደ ቀበሮ ዞረ። «ይህን የመከርከኝ አንተ አይደለህም?»

«እሺ።»

«በሉ አዋጁን ሽሬዋለሁ። ተሳስቻለሁ። ተነሡ፣ ወደ ኮረብታው ውጡ።»

«እሺ» አለ አገሩ በአንድ ድምፅ። ብሎም እንደተቀመጠ ቀረ። ቃሉ ከመባል ብዛት አልቆ፣ እሺ ያለ ሁሉ መነሣት እንዳለበት የሚያስታውስ አልነበረም።

ወንዙ ግን ቤቱን አልረሳም። ደመና የሚልስ ደራሽ ጎርፍ መጣና ቀበሮን እሺ እንዳለ ጠረገው። ደቦሉንም ከአባቱ አፍ ነጥቆ ወሰደው።

አንበሳው ውሃ እየተንጠባጠበበት ኮረብታው ላይ ሲደርስ አህያ ሣር ትግጣለች።

«እውነትሽን ነበር» አላት። «ምነው ታዲያ ደግመሽ ብትነግሪኝ?»

«አንዴ ብነግርዎ አገር አጣሁ፤ ሁለተኛውን በየትኛው አገሬ ልንገርዎ?»

አንበሳው አጠገቧ ተቀምጦ ቁልቁል ውሃውን ሲያይ ዋለ። ከዚያ ወዲህ ነው አሉ እንዲህ መባል የተጀመረው፦ የአገሩን አፍ የዘጋ፣ የራሱን ጆሮ ወጋ።