ሐጂ ይመር ቢራ የጠበቁ ዕለት

ይህን ያጫወቱኝ ጎረቤቴ እትዬ ዙልፋ ናቸው፤ የሐጂ ይመር ባለቤት። ከፊሉን ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ። አጥራችን አንድ ነው፤ የሳቸው በር ሲከፈት የኔ መስኮት ያያል። የጨመርኩት ካለ አላህ ይማረኝ፤ የቀነስኩት ግን የለም።

ከተማችን አሮጌ ናት። ስሟ ምን ያደርግላችኋል፤ ከላይ መስጊድ፣ ከታች ገበያ፣ በመሀል ደግሞ ክረምት በገባ ቁጥር መኪና የሚውጥ ቁልቁለት ያላት ከተማ ናት። ሐጂ ይመር እዚያ እህል ነጋዴ ነበሩ። ሚዛናቸው የማያጎድል፣ ወላሂ ብለው ሲሸጡ ማንም ሰምቷቸው የማያውቅ ሰው።

አንድ ክረምት እትዬ ዙልፋን ከሐኪም ቤት ሲመልሱ የተከራዩት መኪና ቁልቁለቱ ላይ ጭቃ ያዘው። ስንቱ አለፈ! አውቶቡሱ አለፈ፣ የጭነት መኪናው አለፈ፣ የሚያውቃቸው ሁሉ እጁን እያውለበለበ አለፈ። እትዬ ዙልፋ ከነሕመማቸው በዝናብ ዳገቱን በእግራቸው ወጡ።

ከዚያ ወዲያ ሐጂ አንድ ነገር ብቻ ያዙ። ጎታች መኪና። አዲስ፣ ትልቁ ፒክአፕ፣ ከኋላው መንጠቆ ያለው፣ እህል የሞላ ተሳቢ ይዞ ዳገት የሚወጣ። «ሰው የነዳውን ግዙ፣ ይረክሳል» ቢባሉ እሺ አላሉም።

«አሮጌ መኪና የሚሸጥልኝ ሰው ነውሩን ይደብቅብኛል» አሉ። «እኔም ስሸጠው መደበቅ ያምረኛል። ይቅርብኝ።»

ታች ገበያ የነበራቸውን መጋዘን ሸጡና አስመጪው ዘንድ አዘዙ። ከዚያማ መጠበቅ ነው። እትዬ ዙልፋ ያን ጊዜ ሲያነሡ ዛሬም ፊታቸው ይቀላል።

«ሐጂ ይደውላሉ፤ ‹መርከብ ላይ ነው› ይሏቸዋል። ከርመው ይደውላሉ፤ ‹መርከብ ላይ ነው።› እኔማ፣ አላህ ይማረኝና፣ ‹ያ መርከብ ነቢዩ ኑሕ የሠሩት ነው እንዴ፣ ውሃው እስኪጎድል የሚጠብቅ?› አልኳቸው። ሳቁ። ይስቃሉ እንጂ! መጋዘኑ ተሸጦ እህሉ እኔ ሳሎን ውስጥ ተቆልሎ!»

በመጨረሻ ደወሉላቸው። ያዘዙት ነጭ ነበር፤ የመጣው ቀይ ነው፤ ይወስዳሉ ወይስ ይጠብቃሉ? «ለጭቃ ነው፣ ይምጣ» አሉ ሐጂ።

ጥፋቱ ግን ይሄ አይደለም። ጥፋቱ መኪናው ከመምጣቱ በፊት ባለችው ጁምዓ ነው። ከሶላት በኋላ ሐጂ ተነሡና በጀመዓው ፊት ነዝር ገቡ፣ ስለት ተሳሉ፦ አላህ መኪናዬን በሰላም ካመጣልኝ፣ በዚያ ቁልቁለት የተያዘን ሰው ሁሉ ያለ ክፍያ እጎትታለሁ።

«ሰው ሁሉ!» ይላሉ እትዬ ዙልፋ። «ጎረቤት ማለት አይችሉም ነበር? ሙስሊም ማለት አይችሉም ነበር? ሰው ሁሉ!»

መኪናው መጣ። ማሻአላህ፣ ቁመቱ! እትዬ ዙልፋ ለመውጣት በርጩማ አስመጡ። የወንበሩ ላስቲክ እንዳይነሣ ከለከሉ፣ እንዳይቆሽሽ ብለው። ላስቲኩ እንዳለ ቀረ፤ እሳቸው ግን ያን ወንበር ስንቴ ተቀመጡበት? ዘመድ ጥየቃ እንሂድ ብለው ነጠላቸውን ሲያጣፉ አንዱ በር ያንኳኳል። «ሐጂ፣ ቁልቁለቱ ላይ ተያዝኩ።» ሐጂ የመጎተቻ ካቮውን ይጭናሉ፣ ይሄዳሉ። እትዬ ዙልፋ ነጠላቸውን አውልቀው ያጥፋሉ።

ሰው ደግሞ አያፍርም። አንድ ባለባጃጅ ባትሪው ከሞተ ቆየ፤ አዲስ አይገዛም። በየጠዋቱ ባጃጁን እየገፋ ቁልቁለቱ አፍ ላይ ያቆመውና «ሐጂ፣ ተያዝኩ» ይላል። በአጥሩ ላይ ሆኜ «አንተ አልተያዝክም፣ ሞተሃል!» ስለው ሐጂ «ተይው ሰአዳ፣ ቁልቁለቱ ላይ ነው» አሉኝ። እህሉ አሁንም ሳሎን ነው። ለእህሉ የገዙት ተሳቢም ግቢ ውስጥ ሣር በቅሎበታል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

የሐጂ የመጨረሻ ልጅ ነኢማ ናት። የሐጂ ጦይብ ልጅ ለጋብቻ ጠይቋታል፤ ሐጂ ጦይብ የታች ሰፈር ሀብታም፣ የመስጊዱ ኮሚቴ አባል ናቸው። ነኢማ ልጁን ወዳዋለች፤ በስልክ ሲያወሩ ሳቋ በአጥሩ አልፎ ይሰማኛል። ያን ዕለት ከዙሁር በኋላ ሐጂ ጦይብ ሽማግሌዎች ይዘው ሊመጡ፣ የኒካሕ ቀን ሊቆረጥ ነው። በግ ታርዷል። እኔም ከጠዋት ጀምሮ ሽንኩርት እየላጥኩ ነው።

ጠዋት ዝናብ ጥሎ ነበር። በሩ ተንኳኳ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ የሆነ ሰው ቆሟል። ግዛቸው ይባላል፣ የጭነት መኪና ሹፌር።

«አባባ፣ ይጎትታሉ አሉኝ። ቁልቁለቱ ላይ ለከብት ስሸሽ ከቦይ ገባሁ።»

«ምን ጭነሃል?» አሉት ሐጂ።

ሰውየው መሬት መሬት አየ። «ቢራ ነው አባባ።»

እኔ ቢላውን አስቀመጥኩ። እትዬ ዙልፋ ከጓዳ ወጡ። «አልሐምዱሊላህ፣ በዚህ እንኳ ነዝሩ አይሠራም» አሉ። «የኸምር ተሸካሚ የተረገመ ነው። አንቱ ደግሞ የተሸካሚው ጎታች ሊሆኑ ነው? እንግዳ አለብን፣ በሩን ዝጉት።»

ሐጂ ሰውየውን አዩት። «ጭነቱን አውርደው» አሉት። «አንተንና መኪናህን እጎትታለሁ። ቢራውን አልጎትትም።»

ግዛቸው ተከራክሮ አይቶ ነበር፤ ምንም አላገኘም። ከገበያ ተሸካሚዎች ለምኖ ሳጥኑን ሁሉ መንገድ ዳር አስወረደ። ሐጂ ካቮውን አሰሩ፤ ቀዩ መኪና አጓራ፤ የጭነት መኪናው ከቦይ ወጣ። ግን መሪው ተጣሟል። ባዶውን ቀስ እያለ ጋራዥ ይደርሳል፤ ጭኖ አይሄድም። ተሸካሚዎቹ ሄደዋል። ግዛቸው ሳጥኖቹን አየ፣ ሐጂን አየ።

«አባባ፣ አንድ ጠርሙስ ቢጠፋ ከሥራ ያባርሩኛል። ልጆች አሉኝ። ማን ይጠብቅልኛል?»

«ያስወረድኩህ እኔ ነኝ» አሉ ሐጂ። «ሂድ። እስክትመለስ እጠብቃለሁ።»

እንዲህ ሆኖ ነው ሐጂ ይመር፣ ሐጅ ያደረጉ ሰው፣ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ የቢራ ክምር አጠገብ የተቀመጡት። ቀዩ መኪናም ከጎኑ ቆሟል፤ የመጣው ያለፈው ሁሉ ጭነቱ የማን እንደሚመስለው ገምቱ። ወጣቶች እያለፉ «ሐጂ፣ ቀዝቃዛ አለ?» ይላሉ። አንዱማ «ጅምላ ነው ችርቻሮ?» አላቸው። ሐጂ ተስቢሓቸውን ይቆጥራሉ።

ዙሁር ደረሰ። ሐጂ አልመጡም። እትዬ ዙልፋ «ሰአድዬ፣ ውጪና አምጪልኝ፤ ካልመጡ ጎትተሽ አምጪልኝ» አሉኝ። በጭቃው ወረድኩ። ሐጂ ከሳጥኖቹ ራቅ ብለው፣ ዓይናቸው ሳይነቀል በሚያዩበት ቦታ ሰግደው ጨርሰው ሲያሰላምቱ ደረስኩ።

«ሐጂ፣ እንግዶቹ እየመጡ ነው። ይነሡ።»

«ባለቤቱ አልመጣም።»

«እኔ እጠብቀዋለሁ!» አልኩ። ይህ ከአፌ መውጣቱን ባለቤቴ ቢሰማ አንድ ወር አያናግረኝም። «ወላሂ እጠብቃለሁ፤ ፊቴን ሸፍኜ እቀመጣለሁ። አንቱ ይሂዱ፣ ልጅዎን ይዳሩ።»

«አማናውን፣ አደራውን የሰጠው ለኔ ነው፤ አንቺን አያውቅሽም» አሉ። «ሳይፈቅድ ለሌላ ሰው አላስተላልፍም።»

«አማና የሚባለው ወርቅ ነው፣ የየቲም፣ የሙት ልጅ ገንዘብ ነው! ይሄ እኮ ቢራ ነው!»

«ለኔ ሐራም ነው» አሉ። «ለሱ የልጆቹ እንጀራ ነው።»

ጸጉሬን ልነጭ ምንም አልቀረኝ። ይህን ስንባባል የሐጂ ጦይብ መኪና ከታች መጣ፣ ቆመ። መስተዋቱ ወረደ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ አንገታቸውን አወጡ።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሐጂ ይመር» አሉ ሐጂ ጦይብ። «ይህ ምንድን ነው?»

«ወዐለይኩሙ ሰላም። ቢራ ነው።»

«የማን?»

«የአንድ ሹፌር። መኪናውን ሊያሠራ ሄዷል። እስኪመለስ ጠብቅልኝ ብሎኛል።»

ሐጂ ጦይብ ሳጥኖቹን አዩ፣ ቀዩን መኪና አዩ። «ጥሩ። አሁን ይነሡና ከኛ ጋር ይግቡ። ለልጅዎ ነው የመጣነው።»

«ቤቱ ቤታችሁ ነው፤ ግቡ፣ ዙልፋ ታስተናግዳችኋለች። እኔ ባለቤቱ ሲመጣ እደርሳለሁ።»

«ሽማግሌ አስቀምጠው ቢራ ሊጠብቁ ነው?»

«ቃል ሰጥቻለሁ፣ ሐጂ ጦይብ።»

«ለማን? ለቢራ ጫኝ?»

«ለሰው።»

መስተዋቱ ወጣ። መኪናው እዚያው ጭቃ ላይ ዞረ፤ ወደ መጣበት ወረደ። እኔ እጄን ጭንቅላቴ ላይ አድርጌ ቀረሁ። ሐጂ አልተጣሩም፣ አልሮጡም። እጃቸው ግን ተስቢሓቸው ላይ ቆሞ ነበር፤ ሲቆጥሩ አላየሁም።

ግዛቸው የመጣው የዐሥር ሶላትም አልፎ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ሐጂ «ቆጥረህ ተቀበለኝ» አሉት። «ኧረ አባባ» ቢልም ቆጥር አሉት። ቆጠረ። ሁሉም ነበር። ጭኖ ሲጨርስ የሐጂን እጅ ሊስም ጎንበስ አለ፤ ሐጂ እጃቸውን ሰበሰቡ። «መሪህን አስተውል» አሉትና መኪናቸውን አስነሥተው ወጡ።

የዚያን ማታ ስለነበረው እትዬ ዙልፋ ሲነግሩኝ እንኳ ይቆጣሉ። በጉ ድስት ውስጥ ቀዝቅዟል፤ ነኢማ በሯን ዘግታለች። «ለቢራ ብለው ልጅዎን!» ብለው ጮኹ። ሐጂ ምግብ አልበሉም።

በማግሥቱ ሐጂ ጦይብ ሰው ላኩ፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱን። መልእክቱ ይህ ነው፦ «እኛ ክፉ አንፈልግም። ልጆቹ ይዋደዳሉ። ሐጂ ይመር በጁምዓ ተነሥተው ‹ቢራ መጠበቄ ስሕተት ነበር፣ ተጸጽቼ ተውበት አድርጌያለሁ› ይበሉ። ነገሩ ያልቃል፤ ኒካሑ ይታሰራል።»

እትዬ ዙልፋ ደስ አላቸው። አንድ ቃል ነው፤ ምን ችግር አለው? እኔም አጥሩ ላይ ሆኜ እንዲያ ነው ያልኩ።

ሐጂ መልእክተኛውን አስቀምጠው ነኢማን አስጠሩ። ዓይኗ አብጧል።

«ልጄ» አሉ፣ «ጉዳቱ ያንቺ ነው። ስለዚህ አንቺን እጠይቃለሁ። ልበል?»

ነኢማ በቁጣ ተናገረች። «መጀመሪያ ለምን እዚያ ተቀመጥክ፣ አባዬ? ለምን ሁልጊዜ አንተ? ስንት ሰው ያልፍ የለም?» እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «ስሕተት ነው ብለህ ታምናለህ?»

«አላምንም።»

«እንግዲያው በመስጊድ ውስጥ ልትዋሽ ነው? በኔ ምክንያት?» አለች። «አትበል።» ገብታ በሩን አላተመችው፤ የኔ መስኮት ድረስ ተንቀጠቀጠ።

ሐጂ ይመር ወደ መልእክተኛው ዞረው እንዲህ አሉ፦ «ለሐጂ ጦይብ ሰላም በልልኝ። ቢራው ሐራም ነው። የሰጠሁት ቃል ግን ሐራም አልነበረም፤ በሱ ላይ ተውበት የለኝም።»

እኔ ብዙ አልተማርኩም፤ ቁርአንም የቀራሁት ትንሽ ነው። ስለዚህ ነገር ግን ሽንኩርት በላጥኩ ቁጥር አስባለሁ። አማና ሲባል የምወደውን የሚሰጡኝ ይመስለኝ ነበር፤ የሰው ወርቅ፣ የሰው ልጅ። ወርቅ አስቀምጪልኝ ቢሉኝ ማን ይስቅብኛል? ያከብሩኛል እንጂ። ሐጂ የጠበቁት የሚጸየፉትን ነው፤ ሲጠብቁም ከበሬታ ሳይሆን ስድብ ነው ያገኙ። እንዲያ ሲሆን የሚቀረው ቃሉ ብቻ ነው፤ አላህም የሚያየው እሱን መሰለኝ። ይህን እያወቅሁም እናደዳለሁ። አንድ ልጅ ሳቋ በአጥር አልፎ ሲሰማኝ ኖሮ ጸጥ ብሏል፤ እንዴት አልናደድ? ሐጂ ትክክል ነበሩ ማለትና ዋጋው ቀላል ነበር ማለት አንድ አይደለም። ዱዓ ሳደርግ ሁለቱንም እላለሁ።

የሐጂ ጦይብ ልጅ ሌላ ከተማ አግብቶ እዚያው ይኖራል። ነኢማ ሁለት ክረምት ቆይታ አንድ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ አገባች፤ ወንድ ልጅ አላት። ግዛቸው አሁንም ቢራ ይጭናል። ሐጂ ጦይብ ኮሚቴው ውስጥ ናቸው። ቀዩ መኪና ሞተሩ ወርዶ ግቢ ውስጥ ቆሟል። እትዬ ዙልፋ አጥሩ ማዶ አሉ። ሐጂ ይመር ባለፈው የሻዕባን ወር አኼራ ሄደዋል፤ አላህ ይዘንላቸው።