የአያ ቆቅ ቅዳሜ አዲስ ስም

ተረት ላውራችሁ፤ ጠጋ ጠጋ በሉ።

ድሮ ድሮ፣ ከበሮ ሳይመቱት በሚናገርበት ዘመን፣ አያ ቆቅ የሚባል ሥጉ ሽማግሌ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ወፎችን ዋርካ ሥር ይሰበስባል። አንዱ የሠራውን ያሳያል፤ ሌላው ይጠይቃል። ልማዳቸውም ነበር፤ መጀመሪያ የሚጠይቀው ከሁሉ በኋላ የመጣው እንግዳ ነው። ስብሰባው «የወፎች ጠዋት» ይባል ነበር።

ስብሰባው አደገ። ንብ መጣች፤ ምስጥ መጣ፤ ሸረሪትም መጣች። እመት ጃርት ግን ሁልጊዜ ከቁጥቋጦው ጀርባ ቆማ ታዳምጣለች።

«ግቢ እንጂ፣ እመት ጃርት» አላት አያ ቆቅ።

«ወፍ ነኝ እንዴ? እስቲ ክንፌን አሳየኝና ልግባ» አለችው።

ነገሩ አያ ቆቅን ከነከነው። ስሙ ካልተለወጠ ጃርት ውጭ መቅረቷ ነው። ከተለወጠ ደግሞ ከሩቅ የሚመጡት ወፎች ሌላ ቦታ መስሏቸው ይቀሩ ይሆናል፤ ሃያ ክረምት የደከመበት ስብሰባ ይበተናል።

ጎረቤቶቹን ምክር ቢጠይቅ እመት ጦጢት ቀደመች። «‹ታላቁ የጠቢባን ሸንጎ› በሉት» አለች። ከበሮ ለፈፈ። ቅዳሜ ሲደርስ ሁሉም ላባውንና ፀጉሩን አበጥሮ መጣ። ግን የሚያሳይ ጠፋ።

«አንተ ጀምር።»

«ኧረ አንተ፤ እኔ ደግሞ ምን ጠቢብ ነኝ?»

እንዲህ ሲባባሉ እኩለ ቀን ሆነ።

ቀበሮ ቀጠለ። «ማንም እንዳይቀየም የሁሉንም ስም እንጥራ» አለ። ከበሮም «የወፎች፣ የንቦች፣ የምስጦች፣ የሸረሪቶች፣ የጃርቶች» እያለ መልፈፍ ጀመረ። ገና ሳይጨርስ እንቁራሪት ከኩሬው ብቅ አለች።

«እኔስ?»

«እኔስ?» አለ እስስት።

«ቆዳዬ ሊቀደድ ነው፤ ተዉኝ» አለ ከበሮ።

በሦስተኛው ሙከራ አያ ቆቅ ራሱ ወደ ቁጥቋጦው ሄደ።

«እመት ጃርት፣ ልጆችሽ ይህን ስብሰባ ምን ብለው ይጠሩታል?»

«ልጆቼማ ‹ወደ “እንዴት ሠራችሁት” እንሂድ› ነው የሚሉት። ከዚህ ሌላ የምንሰማው ነገር የለማ።»

አያ ቆቅ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከበሮም «እንዴት ሠራችሁት፣ ዱም ዱም» ብሎ ሞከረውና «ይኼስ አፍ ላይ ይጥማል» ብሎ ለፈፈው።

ቅዳሜ ነጋ። አያ ቆቅ አንገቱን አስግጎ ሰማዩን ይጠብቃል። ወፎቹ አንድም ሳይቀሩ መጡ። «ይህ እኮ የራሳችን ጥያቄ ነው» አለች ከሩቅ የመጣችው እርግብ።

ጃርትም ገባች። ዝናብ የማይገባበትን ጉድጓዷን አስረዳች። ማን ይጠይቅ? እንግዳዋ ራሷ ጃርት ናት።

አያ ቆቅ ክንፉን አነሣ። «ለአዲሱ ስም እንግዳው እኔ ነኝ» አለ። «እመት ጃርት፣ እንዴት ሠራሽው?»

ዋርካው ሥር ሳቅ ሆነ።

የተረቴም ፍሬ ይኸው፤ ቤታችሁ ሲሰፋ በሩንም አስፉት፤ ስሙን ደግሞ ደጅ የቆመውን ጠይቁት። እኔ ጨረስኩ። ከሁሉ በኋላ የመጣው ይጠይቅ።