የተቆጣው ህብለ ሰረሰር

በከምባታ አገር አንድ ግንበኛ ነበር፤ ላምቢሶ ይባላል። ድንጋይ ሲያነሳ ያየው ሁሉ በጉልበቱ ይገረም ነበር። አንድ ረፋድ ላይ፣ ግድግዳ እየገነባ ሳለ፣ ቁጢጥ ካለበት ልነሳ ቢል እግሮቹ እምቢ አሉት። ከወገቡ በታች የራሱ ሰውነት አልመስለው አለ።

ምን ተብሎ የተወራ ይመስላችኋል? መተት ነዋ!

ላምቢሶ ከአጎቱ ልጅ ከሱላሞ ጋር በአጥር ወሰን ተጣልቶ ነበር። ዘመድ አዝማዱም ማን ምን አደረገ ብሎ ሳይጠይቅ፣ «ያሠራበት ሱላሞ ነው» አለ። ላምቢሶም አመነ። ሆስፒታል ተኝቶ፣ እግሩ አልሰማ ብሎት፣ ከሰውነቱ ብርቱ ሆኖ የቀረው ቁጣው ብቻ ነበር።

ዶክተር ረድኤት የምትባል ሐኪም የምርመራውን ውጤት ይዛ መጣች።

«አቶ ላምቢሶ፣ አከርካሪዎ ውስጥ የሚያልፈው ህብለ ሰረሰር ተቆጥቷል።»

«ማን አስቆጣው?»

«የራስዎ ሰውነት። ደማችን ውስጥ በሽታን የሚዋጉ ሴሎች አሉ። አንዳንዴ ወገንና ጠላት መለየት ያቅታቸዋል። እርስዎን የጣሉት እነሱ ናቸው።»

ላምቢሶ ክው አለ። «እንግዲያው ግደሉልኛ!»

«እነሱን ከገደልንማ ጉንፋን እንኳ ይጥልዎታል። ጠባቂዎችዎ እኮ ናቸው! ደግሞ ሌሎች ሴሎች አሉ፤ ሥራቸው ተዋጊዎቹን ‹አሁንስ በቃ› ማለት ነው። እርስዎ ጋ እነዚህ ደክመዋል። በመድኃኒት ቁጣውን እናበርዳለን፤ ሚዛኑ እንዲመለስ።»

እስቲ ስሙ፣ ወገኖቼ! ፈጣሪ በደማችን ውስጥ ተዋጊ ብቻ አላኖረም። አብራጅም አኑሯል። በዓይን በማይታይ ነገር ውስጥ ይህን ሁሉ ያሰበ አምላክ እንዴት ድንቅ ነው!

ከሰዓት በኋላ ታላቅ ወንድሙ ደቦጭ ዘመዶቹን አስከትሎ ገባ። «ከዚህ ወጥተን በቀጥታ ሱላሞ ቤት ነው የምንሄደው» አለ። «ቤቱን አመድ ሳናደርግ አንመለስም።»

ላምቢሶ ጠዋት ቢሆን ኖሮ «እሰይ!» ባለ ነበር። አሁን ግን የሱላሞ ሕፃናት ፊቱ ላይ ድቅን አሉበት።

«ጋሼ፣ በቃ» አለ።

«ምን?»

«በቃ! እኔን የጣለኝ የገዛ ደሜ ነው። ሐኪሟ ነግራኛለች። ሱላሞ እጁ የለበትም።»

«ፈርተህ ነው?»

«አዎ፣ ፈርቻለሁ» አለና ብርድ ልብሱን ገለጠው። «የገዛ ወገን በወገኑ ላይ ሲነሳ ምን እንደሚያደርግ ይኸው፣ እዩት!»

ደቦጭ የወንድሙን እግሮች እያየ ቆመ። እነዚያ ድንጋይ ተሸክመው ዳገት የሚወጡ እግሮች! ከዚያ ቀስ ብሎ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠና ብርድ ልብሱን መልሶ አለበሰው።

ላምቢሶ ሱላሞን አስጠራው። ሱላሞ ፈርቶ በር ላይ ቆመ።

«ግባ እንጂ። የአጥሩን ነገር ሽማግሌ ይየው» አለው ላምቢሶ። «በሐሰት ስለጠረጠርኩህ ግን ይቅር በለኝ።»

ሱላሞ ገብቶ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። ሁለቱም አለቀሱ።

መድኃኒቱም ሠራ። እግሮቹ በዝግታ ነፍስ ዘሩ። ግራው እስከ ዛሬ ያነክሳል፤ ላምቢሶ ግን በምርኩዝ እየሄደ ይገነባል።

እናንተስ? በቤታችሁ፣ በማኅበራችሁ፣ በዚህች ቤተ ክርስቲያን ለእውነት የሚቆም ሞልቷል፤ እሰየው፣ ያስፈልገናል! ግን የተነሳው እጅ በገዛ ወንድም ላይ ሲያርፍ «በቃ» የሚለው ማነው? ሲያሙ ሰምታችሁ «በቃ» ብላችኋል? ልጃችሁ ላይ ስትጮኹ፣ ለራሳችሁ «በቃ» ብላችኋል?

«እኔ ማን ይሰማኛል፣ አቅም የለኝም» አትበሉ። ላምቢሶ ያን ቃል ሲናገር መቆም እንኳ አይችልም ነበር።